ቆቃ ላይ ለካርፕ ዓሣ የሚሆን መንጠቆ፣ ክርና ማባበያ እንዴት ይመረጣል?

ጀማሪው ከፒያሳ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ፒያሳ ነው። ሥራዬ ሳምንቱን ሙሉ ከወንበር የማያስነሣ በመሆኑ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተነሥተን፣ ሞጆን አልፈን ወደ ቆቃ በመውረድ ዓሣ ማጥመድ ጀምሬአለሁ። ቆሮሶውን ለምጄዋለሁ፤ አምባዛም ሁለት ሦስት ጊዜ አውጥቻለሁ። ያልተሳካልኝ ካርፑ ነው።

ዕቃዬ ከቆሮሶ የማያልፍ ነው፤ ከሁለት ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ዘንግ፣ 0.20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን ክር፣ ቁጥር 12 መንጠቆና ከቡሽ የተሠራ ተንሳፋፊ አለኝ። በዚህ ዕቃ ሁለት ነገር ደርሶብኛል። በመጀመሪያ፣ ከባድ ዓሣ ያዘልኝና ወደ ጥልቁ ሲሸሽ ክሩ በድንገት ላላ፤ ስስበው መንጠቆው የለም፤ የክሩ ጫፍ ግን እሳት እንደ ነካው ፀጉር ተጠቅልሎ ተመለሰ። ጓደኛዬ ክሩ ቀጭን ስለሆነ ተበጥሶ ነው ይላል። ቀጥሎ፣ ትሉን ትቼ የበቆሎ ንፍሮ መንጠቆው ላይ መሰካት ስጀምር፣ ተንሳፋፊው ይንቀጠቀጣል፣ እስባለሁ፣ ምንም የለም፤ ፍሬው ግን ሳይወልቅ ተጨምቆ፣ ገለባው ብቻ ቀርቶ ይመለሳል። ይህ በአንድ ጠዋት ስድስት ጊዜ ደረሰብኝ።

እንግዲህ ምን ዓይነት ክርና መንጠቆ ልግዛ? ቦይሊ የሚባለውን ከውጭ የሚመጣ ድብልቡል ማባበያ ሳልይዝ ካርፕ መያዝ ይቻላል ወይ? ጓደኛዬ ደግሞ እስከ ቆቃ ከመንከራተት አባ ሳሙኤል ግድብ ይሻለናል እያለኝ ነው። የምታውቁ ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የካዛንቺሱ አጥማጅ

ወንድሜ፣ በዕድሜ የልጄ እኩያ ሳትሆን አትቀርምና አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። ጥያቄህን በዝርዝር ማቅረብህ መልሱን አቅልሎልኛል፤ በተለይ ያ የተጠቀለለ ጫፍ ብዙ ነገር ይናገራል።

ክርህ አልተበጠሰም፤ ቋጠሮህ ሾልኮ ነው። ናይለን በጉልበት ሲበጠስ ጫፉ ደህና ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ድንጋይ ወይም ግንድ በልቶት ከሆነ ከጫፉ ወደ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ድረስ ሻክሮና ነጣ ብሎ ይገኛል፤ እንደ ሞላ ተጠቅልሎ ከመጣ ግን ክሩ ከራሱ ጥምጥም ውስጥ እየተንሸራተተ ወጥቷል ማለት ነው። ናይለን ልሙጥ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ በደረቁ የተሳበ ቋጠሮ አይታመንም። ስድስት ጊዜ ጠምጥመው፤ ከማጥበቅህ በፊት በምራቅህ አርጥበው፤ ቀስ ብለህ ሳበው፤ ትርፉንም ከሥሩ አትቁረጥ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ተውለት። በደረቁ የሚሳብ ቋጠሮ በራሱ ሰበቃ ይግላል፤ ግለቱም ክሩን ያደክመዋል።

ይህ ማለት ግን 0.20 ለካርፕ ይበቃል ማለት አይደለም። ከ0.30 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ያለውን ግዛ። ወፍራም ክር በርቀት ለመወርወር እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ቆቃ ላይ ዓሣው ከመጣልህ በኋላ ዋናው ችግር እምቦጩ ነው፤ ካርፑ እንደ ተያዘ ሲያውቅ ሥሩ ሥር ይገባና ቀጭኑን ክር እዚያው ያሥርብሃል። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላ የመጨረሻውን አንድ ሜትር በሁለት ጣትህ መሐል አሳልፈህ ዳስሰው፤ ትንሽ እንኳ ከሻከረህ ቆርጠህ እንደገና ቋጥር።

መንጠቆውን ከቁጥር 8 ወይም ከ6 አትለፍ። የጫማ ቁጥር የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ በመንጠቆ ቁጥሩ ባደገ መጠን መንጠቆው ያንሳል። መርካቶ የምታገኘውን መንጠቆ ሁሉ ሹል ነው ብለህ አትመን፤ ጫፉን በአውራ ጣትህ ጥፍር ላይ ቀስ ብለህ ጎትተው፤ ጥፍርህን ከነከሰ ይዘኸው ሂድ፣ ከተንሸራተተ ተወው።

አሁን ወደ ተጨመቀው በቆሎ እንምጣ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። ካርፕ እንደ አምባዛ ያገኘውን ውጦ አይሄድም። ከንፈሩን እንደ ቧንቧ ወደ ፊት ዘርግቶ ከጭቃው ጋር ይመጥጣል፤ ያልወደደውን መልሶ ይተፋል፤ የወደደውን ደግሞ ጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶቹ ይፈጫል፤ አፉ ላይ ጥርስ የለውም። የአንተ በቆሎ መንጠቆው ሆዱ ውስጥ ስላለ ይከብዳል፤ ከሌላው ፍሬ ጋር እኩል አይነሣም፤ ዓሣው ይሞክረዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ይተፋዋል። አንተ ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ የምታየው ይህንን ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሌኒ ሚድልተንና ኬቪን ማዶክስ የተባሉ እንግሊዛውያን ይህንኑ ተመልክተው ፍሬውን ከመንጠቆው አውርደው በአጠገቡ በቀጭን ነገር አንጠለጠሉት፤ መጀመሪያ የተጠቀሙት የእውነት የሰው ፀጉር ስለነበር ስሙ እስከ ዛሬ ሄር ሪግ ነው። ፍሬው ነጻ ሆኖ ይመጠጣል፣ ባዶው መንጠቆ ተከትሎት ይገባል፤ ሲተፋው ከንፈሩ ላይ ይቀራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ሃያ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክር ቆርጠህ አንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀለበት ትቋጥራለህ፤ ፀጉር የምንለው ይህን ጫፍ ነው። ሌላውን ጫፍ በመንጠቆው ዓይን ከጀርባ ወደ ፊት አስገብተህ፣ ፍሬው ሲሰካ ከመንጠቆው ጉብጠት በግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ቀለበቱን ታስተካክላለህ። ከዚያ የመንጠቆውን አንገት ከነፀጉሩ ከላይ ወደ ታች ሰባት ስምንት ጊዜ ጠምጥመህ፣ ጫፉን እንደ መጀመሪያው ከጀርባ ወደ ፊት በዓይኑ አሳልፈህ ታጠብቃለህ። ፍሬውን ለመብሳት ልዩ መርፌ አያስፈልግህም፤ ቀጭን የኪሮሽ መርፌ ፍሬውን በስቶ ቀለበቱን ይዞ ይመለሳል። እንዳይወልቅ ደግሞ በቀለበቱ ውስጥ የመጥረጊያ ስንጥር ቁራጭ አሳልፍበት።

ተንሳፋፊውን ለጊዜው አስቀምጠው። ካርፕ የሚበላው ከወለሉ ነውና ማባበያው ጭቃው ላይ ተኝቶ መቆየት አለበት፤ ለዚህም ከ60 እስከ 80 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ ያስፈልጋል። እርሳስ ካጣህ አሮጌ ካንዴላ ከጋራዥ ለምን፤ እኔ ለዓመታት የሠራሁት በእርሱ ነው። ብቻ ካንዴላውን ከዋናው ክር በቀጠነ ክር እሠረው፤ ቢያዝብህ እርሱ ብቻ ይበጠሳል፣ ዋናው ክር ቢበጠስም ዓሣው ክብደት ተሸክሞ አይዞርም። ከዘንጉ ጫፍ ትንሽ ቃጭል ካንጠለጠልክ እርሷው ትጠራሃለች።

ስለ ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር) ፍሬን ሳልነግርህ ብቀር ግን በደል ይሆንብኛል። ከብዙ ዓመታት በፊት ፍሬኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ፣ ዘንጉን ባላ ላይ አሳርፌ፣ ከፔርሙዝ ቡና ልቀዳ ዞር አልኩ። ቃጭሏ አንዴ ጮኸች፤ ቀና ስል ዘንጌ በውኃው ላይ እንደ ታንኳ እየተንሳፈፈ ወደ መሐል ይሄድ ነበር። ሲኒውን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት። ስለዚህ ፍሬኑን ክሩን በእጅህ ስትጎትተው ሳይንገራገጭ እስኪሰጥ ድረስ አላላው፤ ዓሣው ከያዘ በኋላ ቀስ እያልክ ታጠብቀዋለህ። ዘንግህ ማጠሩ እምብዛም አያሳስበኝም፤ ገንዘብ ስታገኝ ሦስት ሜትር ተኩል የሚሆን ለስላሳ ዘንግ ትገዛለህ።

ከስታዲየም አካባቢ

ስለ አባ ሳሙኤል ብቻ አንድ ቃል ልጨምር። ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፤ ካርፕም አለበት። ነገር ግን ከከተማችን የሚወርዱት የአቃቂ ወንዞች የፋብሪካውንም የቤቱንም ፍሳሽ ይዘው የሚገቡት እዚያ ነው። ካርፕ ደግሞ የሚመገበው ጭቃ እየቆፈረ ነውና፣ ከዚያ የሚወጣውን ዓሣ ለቤተሰብ ማብላትን አልመክርም። ልማዱን ለመለማመድ ብቻ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ቆቃም ሲወርዱ ጉማሬ እንዳለ አይርሱ፤ ጎሕ ሳይቀድ ሸምበቆ መሐል መግባት አይገባም። ዓሣ ማስገር በአዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚመራ ስለሆነም፣ አዲስ ቦታ ሲሄዱ አስቀድመው የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቁ ከጭቅጭቅ ይድናሉ።

ባለ ንፍሮዋ (አራት ኪሎ)

ጋሼ ስለ ዕቃው ሁሉንም ብለውታልና እኔ ስለ ምግቡ ልናገር። ባለቤቴ አጥማጅ ነው፤ ማባበያውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህም ከዘንጉ ይልቅ ድስቱን አውቀዋለሁ።

ቦይሊ አያስፈልግዎትም። ከእንቁላልና ከዱቄት ተለውሶ የሚቀቀል ድብልቡል ነው፤ ጥቅሙም ጠንካራ በመሆኑ ትንንሾቹ ዓሣዎች እንዳይጨርሱት ነው። ለዚህ ደግሞ ሽምብራ አለን። ንጹሑን ሽምብራ ከማታ ጀምሮ ዘፍዝፈው፣ በማግሥቱ ያለ ጨው ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀቅሉት። ለሰው እንደሚቀቀለው ንፍሮ አይለስልስ፤ በሁለት ጣት ሲጫኑት ይለምጥ እንጂ አይፍረስ፤ ያለዚያ የኪሮሹ መርፌ ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለት ሽምብራ በአንድ ፀጉር ላይ ይበቃል። ቆሮሶው እንደ በቆሎ በቀላሉ ስለማይበላው የሚመጣልዎት በአብዛኛው ካርፕ ይሆናል።

በቆሎውን ዓሣውን ወደ ቦታው ለመሳብ ውኃ ውስጥ ለሚበተነው ያድርጉት። ደረቁ በቆሎ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይዘፈዘፍ፤ ከዚያ አንዳንዱ ፍሬ እስኪፈነዳ ይቀቀል። ጥሬውንና ያልበሰለውን በፍጹም አይበትኑ፤ ዓሣው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጣል። የተቀቀለበትን ውኃ ሳይደፉ ከነፍሬው ክዳን ባለው ባልዲ ሁለት ቀን ካቆዩት ይኮመጥጣል፤ ልክ እንደ አብሲት አረፋ ያወጣና ውኃው ይዝለገለጋል። ጎረቤት ያማርር ይሆናል፤ እኔም ባልዲውን ከኮሪደር ወደ ጓሮ እንዳወጣ ተነግሮኛል። ካርፕ ግን የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ምግቡን በአመዛኙ የሚያገኘው በማሽተትና በአፉ ዳር ባሉት አራት ጢሞች በመዳሰስ ነው።

ለሚጣለው ድብልቡል ደግሞ ከመኖ ሻጮች ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይግዙ። ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የተወቀጠ ፋጉሎ፣ እንዲያያዝ አንድ ጭብጥ በሶ፣ ለሽታው አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ አብሽ ደባልቀው በዚያ በኮመጠጠው ውኃ ያርሱት። ልኩን ለማወቅ በጭብጥዎ ጨምቀው ባልዲ ውኃ ውስጥ ይጣሉት፤ ሳይበተን ወለሉን ነክቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከፈረሰ ትክክል ነው፤ እንደ ጭቃ ጅራፍ ተጣብቆ ከቀረ ፉርሽካ ይጨምሩ። መጀመሪያ አምስት ስድስት ድብልቡል አንድ ቦታ ላይ ይጣሉና ከዚያ በኋላ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ አንድ ይበቃል። ካርፕ ጨጓራ የለውም፤ የበላው ቶሎ ያልፋል፤ ጥቂት ጥቂት እየጣሉለት ሲያቆዩት ይሻላል።

የካዛንቺሱ አጥማጅ

እህቴ የተናገረችው ሁሉ ትክክል ነው፤ በአብሹ ብቻ አልስማማም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበዛል፤ አብሽ ራሱ ያጣብቃል፣ ድብልቡሉም ሳይፈርስ ይቀራል። የሻይ ማንኪያ በቂው ነው።

የእንግሊዞቹን ምክር የምታነብ ከሆነም ስለ ክረምት ማባበያ የሚሉትን ዝለለው፤ እነርሱ የሚናገሩት በረዶ ሊሆን ስለ ቀረበ ውኃ ነው፤ ቆቃ እንዲህ አይቀዘቅዝም። ይልቅስ ነፋሱን ተመልከት። ነፋስ የሚመታው ዳር ምግብ ስለሚከማችበት ካርፑም እዚያ ይመጣል፤ እምቦጩም ግን የሚገፋው ወደዚያው ነው። ስለዚህ ከእምቦጩ ክምር ጫፍ፣ ክፍት ውኃ በሚጀምርበት ቦታ ተቀመጥ።

ጀማሪው ከፒያሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅዳሜ 0.33 ክር፣ ቁጥር 8 መንጠቆና ካንዴላ ይዤ ወርጄ ነበር። አብሹን የሻይ ማንኪያ አደረግሁት። እስከ ረፋድ ሦስት ጊዜ ቃጭሏ ጮኸች፤ አንዱ ሁለት ኪሎ የሚሆን ካርፕ ወጣ፤ ቋጠሮውም ጸና። ሁለቱ ግን ጥቂት ከጎተቱ በኋላ አመለጡ፤ ሽምብራዎቹ ደህና ነበሩ። ሽምብራው የመንጠቆውን ጉብጠት ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ስሕተቱ ይህ ይሆን?

የካዛንቺሱ አጥማጅ

ይመስለኛል። ሽምብራው ከጉብጠቱ ጋር ከተጣበቀ የመንጠቆውን ጫፍ ይጋርደዋል፤ ዳር ላይ ብቻ ይይዝና ይላቀቃል። ፀጉሩን ግማሽ ሳንቲ ሜትር አርዝመው፤ የመንጠቆውንም ጫፍ እንደገና በጥፍርህ ሞክረው፤ አንድ ዓሣ ካወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ ይደንዛል።