ደም ለግሼ «ሄፓታይተስ ሲ ታይቶብሃል» ተባልኩ፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። የ34 ዓመት ሰው ነኝ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ደም ስሰጥ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ያለፉት ሁለቱ ንጹህ ነበሩ፤ አሁን ግን ተጠርቼ ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ ሄፓታይተስ ሲ እንደታየብኝ ተነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሕመም የሚባል አይሰማኝም፣ ዓይኔም ቢጫ አልሆነም። ከየት እንደመጣ ሳስብ ነው የምውለው። በልጅነቴ እንጥል ተቆርጫለሁ፤ ግን ከዚያ ቢሆን ኖሮ በፊተኞቹ ምርመራዎች ይታይ ነበር። ካለፈው ልገሳ ወዲህ ጥርስ አስነቅያለሁ፣ ፀጉር ቤትም በምላጭ እላጫለሁ። ምላጩ አዲስ መሆኑን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

አንድ ነርስ እንደነገረችኝ የመጀመሪያው ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ቫይረሱ አሁን በደሜ ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው የቫይረሱን ዘረመል በሚፈልገው የአር ኤን ኤ ምርመራ ነው፤ ሰውነት ራሱ የሚያስወግድበት ጊዜም አለ። በሽታው ካለም ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር የተባሉ ክኒኖች ለ12 ሳምንት ተወስደው አብዛኛውን ሰው ያድናሉ አለችኝ። ይህ ትንሽ አጽናናኝ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው፦ የአር ኤን ኤ ምርመራውን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያሠራ አለ? ወይስ አዲስ አበባ መሄድ ግድ ነው? ስንት ከፈላችሁ? መድኃኒቱስ በጤና መድን ይሸፈናል?

ባለቤቴ የ5 ወር ልጃችንን እያጠባች ነው። በምግብና በዕቃ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ፣ ግን እሷም ትመርመር ወይ? እስካሁን አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ልጀምርላት?