ለኤርብራሽ አየር ከየት ላምጣ?

ሰላም ጓዶች፣ ግራ ገብቶኛል። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ትንንሽ የአውሮፕላን ሞዴል እሰራለሁ፣ አብዛኛው 1፡72 ነው (ከእውነተኛው በ72 እጥፍ ያነሰ)። እስካሁን በብሩሽ ነበር የምቀባው፣ አሁን ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ) ይዞልኝ መጣና ደስታዬን ሳልጨርስ አየሩን ከየት እንደማመጣ ጠፋኝ።

መጀመሪያ የሰፈር ጎሚስታ ጋ ሄጄ አየሁ። ኮምፕሬሰሩ ጉልበት አለው፣ ግን ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ተከራይ ነኝ፣ እትዬ በማግስቱ ነው ዕቃዬን የሚያስወጡት። ታንክ የሌላት ትንሿ ኮምፕሬሰር ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን አየሯ ይርገበገባል፣ ብዙ ሲሰራባትም ትግላለች። 3 ሊትር ታንክ ያላት ትሻላለች፤ ኪሴ ግን እንጃ።

ሌላው ሃሳብ፣ አትሳቁብኝ፣ ትርፍ የመኪና ጎማ ጎሚስታው ጋ አስነፍቶ ከሱ መሳብ ነው። ድምፅ የለውም፣ መብራት ቢጠፋም ይሰራል (እዚህ መብራት ሲጠፋ ታውቃላችሁ)። የምፈልገው ከ15 እስከ 25 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው፣ ጎማው 35 አካባቢ ቢነፋ ከላዩ ሬጉሌተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) አስሬ አወርደዋለሁ። ግን አንድ ክንፍ ሳልጨርስ አየሩ ቢያልቅስ?

ደግሞ ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ትንሿ ኮምፕሬሰር እዚህ ትደክም ይሆን? በክረምቱ እርጥበትስ ውሃ ማጣሪያ ሳልገጥም ብቀባ ቀለሙ ላይ ጠብታ ይተፋብኛል?

በጎማ የሞከረ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ሞዴሉ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባው) ሳይቀባ ጠረጴዛ ላይ አቧራ እየጠጣ ነው።