የጉድጓድ ሎግ ለሕዝብ ይከፈት ወይስ ይቆለፍ? (ክርክር)

አወያይ

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከአባላት የመጣ ነው። መነሻውን ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። የጉድጓድ ሎግ ማለት መሣሪያ ወደ ጉድጓድ ወርዶ በየጥልቀቱ የሚለካው የድንጋይ መረጃ ነው። የፔትሮፊዚክስ (የድንጋይ ጠባይ ጥናት) እና የጉድጓድ ሎግ ተንታኞች ማኅበር (ኤስፒደብልዩኤልኤ) እ.ኤ.አ. በ1959 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በአሜሪካ ተልሳ ከተማ የተመሠረተ፣ ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሂዩስተን የሚገኝ የሙያ ማኅበር ነው። በየዓመቱ ጉባኤ ያካሂዳል፣ መጽሔት ያሳትማል፣ በየዩኒቨርሲቲው የተማሪ ቅርንጫፎች አሉት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የመረጃ ትንተና ክፍሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ውድድር ማዘጋጀት ጀምሯል። የ2021 ውድድር የተካሄደው የኖርዌዩ ነዳጅ ኩባንያ ኢኩዊኖር በነጻ በለቀቀው የቮልቭ የነዳጅ መስክ መረጃ ላይ ነበር። አባላችን ባሮ ይህን አይቶ «የእኛስ ጉድጓዶች?» ሲል ጠየቀ፤ ይከፈት የሚል ረቂቅ ደብዳቤም ለፊርማ አቀረበ። ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ መንግሥት እጅ ያለው የነዳጅ፣ የጋዝና የጂኦተርማል (የከርሰ ምድር ሙቀት) ጉድጓዶች የሎግ መረጃ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ለማንም ይከፈት ወይስ አይከፈት? በሐሳብ ተከራከሩ፤ ሰው አትንኩ።

ባሮ

ጠያቂው እኔ ስለሆንኩ ልጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ የሎግ ትንተና አስተምራለሁ። ተማሪዎቼን ወደ ዓባይ ሸለቆ እወስዳቸዋለሁ፤ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይን በእጃቸው ይዳስሱታል፣ በመዶሻ ይሰብሩታል፣ በአጉሊ መነጽር ያዩታል። ይኸው በዚሁ ስም የሚጠራ ድንጋይ ኦጋዴን ውስጥ በሺዎች በሚቆጠር ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀብሮ የካሉብን ጋዝ ከያዙት ንብርብሮች አንዱ ነው። ወደ ክፍል ስንመለስ ግን ስክሪኑ ላይ የምዘረጋላቸው ሎግ የሰሜን ባሕር ነው። በግራ በኩል ጋማ ሬይ (የድንጋዩ የተፈጥሮ ጨረር)፣ መሀል ላይ የኤሌክትሪክ መቋቋም፣ በስተቀኝ ኒውትሮን (በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን የሚያሳይ ልኬት) እና ጥግግት። ጋዝ ያለበት ቦታ ላይ ስንደርስ የኒውትሮኑ መስመር ወደ አንድ ወገን፣ የጥግግቱ ወደ ሌላው ይሸሹና ይሻገራሉ። ልጆቹ ይህን ባዩ ቁጥር «መምህር፣ የካሉብስ እንዲህ ነው?» ይላሉ። በመጽሐፍ ደረጃ እንዲያ መሆን አለበት እላቸዋለሁ። አይቼው ግን አላውቅም፤ ማየትም አልችልም።

ዋቢ

ባሮ ልጄ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። እኔ ግን ረጅም ዕድሜ ያሳለፍኩት ከጠረጴዛው ማዶ፣ ውል በሚደራደሩት ወገን ነው። ገንዘብ የሌለው፣ የቁፋሮ መሣሪያ የሌለው አገር ወደ ድርድር ይዞት የሚገባው ነገር መሬቱና ስለ መሬቱ ያለው መረጃ ብቻ ነው። ኩባንያ መረጃውን ለማየት ይከፍላል፣ የምስጢር ጥበቃ ውል ይፈርማል። በነጻ ካገኘው ለምን ይፈርማል?

ስለ ቮልቭም እንነጋገር። መስኩ ያመረተው ከ2008 እስከ 2016 ነው። መረጃው የተለቀቀው በ2018፣ የሚወጣው ወጥቶ፣ መስኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህን እንደ ቸርነት አትቁጠሩት። የሽሉምበርገር ወንድማማቾች ኩባንያ በ1927 ፈረንሳይ ፔሸልብሮን ላይ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ሎግ ከለካበት ቀን ጀምሮ ይህ ሙያ ንግድ ነው። የምታደንቁት ማኅበርም ቢሆን መጽሔቱን የሚያስነብበው በክፍያ ነው። መጀመሪያ እነሱ ይክፈቱ።

አዋሽ

የመጨረሻዋ ነጥብ ገብታኛለች። አንድ ጽሑፍ ለማንበብ የባንክ ካርድ የሚጠይቅ ማኅበር ስለ ክፍት መረጃ ሲያወራ ያስቃል። ለነገሩ የ2025 ጉባኤያቸው ዱባይ ነበር፤ እዚሁ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምንሠራው ቅርብ። ቢሆንም የመግቢያው ዋጋ ቀጣሪ ካልከፈለለት በቀር ለግለሰብ የሚቀመስ አይደለም።

ገናሌ

ኖርዌይ፣ ስታቫንገር ነው የምኖረው፤ ሥራዬም ይኸው ነው። ጋሽ ዋቢ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ሁለት ነገር ቀላቅለዋል። ቮልቭ ኩባንያው በፈቃዱ የለቀቀው ነው፤ ከሎጉ ባሻገር የመሬት ውስጥ ሞገድ ልኬቱ፣ የምርት ታሪኩ፣ የኮምፒውተር ሞዴሉ ሁሉ አለበት። ተራው የጉድጓድ ሎግ ግን የማንንም በጎ ፈቃድ አይጠብቅም። በኖርዌይ ደንብ ጥሬው የጉድጓድ መረጃ ከ2 ዓመት በኋላ ይፋ ይሆናል። የኩባንያው የራሱ ትርጓሜ ነው ረዘም ላለ ጊዜ የሚጠበቀው። ኔዘርላንድስ 5 ዓመት ትላለች። ይህም የሚሆነው በዙሪያው ያለው መስክ ገና እያመረተ፣ ገና ጨረታ እየወጣበት ነው።

ጨረታውም አልረከሰም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ትተውት የሄዱትን ቦታ ትንንሾቹ የድሮ ሎግ አንብበው «ይህች ንብርብር ሳትታይ ታልፋለች» ብለው ይመጣሉ። ሳያይ የሚገዛ ሰው በስጋቱ ምክንያት ዋጋውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

የመጽሔቱን ነገር ግን አልከላከልም። ማኅበሩ ተማሪዎችን በውድድር፣ በጽሑፍ ሽልማት፣ በነጻ ትምህርት ያግዛል፤ መጽሔቱን ግን ይቆልፋል። ነውር ነው። ታዲያ የእነሱ ቁልፍ የእኛን እንዴት ትክክል ያደርገዋል?

ከሰም

ሁላችሁም ጋዝ ላይ ተጣዳችሁ። የአሉቶ ላንጋኖን የጂኦተርማል መስክ የሚያነሳ ይጥፋ? በ1980ዎቹ 8 ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ በጥቂቶቹ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። የተለመደው የሎግ መሣሪያ ኤሌክትሮኒክሱ 175 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያበቃለታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የተለካች እያንዳንዷ የሙቀትና የግፊት ቁጥር በብዙ ድካም የተገኘች ናት። በ1998 ሥራ የጀመረው የሙከራ ጣቢያ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር፤ እሱም ብዙ ጊዜ ቆሞ ያውቃል። ለምን ቆመ፣ የትኛው ጉድጓድ ቀዘቀዘ፣ የትኛው ቧንቧው ተዘጋ የሚለውን ከውጭ ሆኖ ማጥናት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ከየት ይጀምር?

እዚህ ላይ የኩባንያ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ጉድጓዶቹ የመንግሥት ናቸው። እንፋሎቱን ጭነን ወደ ውጭ አንሸጠውም። መረጃው ቢከፈት ማን ምን ይወስድብናል? ጂኦተርማል ላይ ባለሀብትን የሚያስፈራው የመጀመሪያዎቹ ጉድጓዶች ኪሳራ ነው፤ ያንን ፍርሃት የሚቀንሰው ደግሞ የጎረቤት ጉድጓድ ሎግ ነው።

ዋቢ

ከሰም ያለው ያስኬዳል። ጂኦተርማሉ ይከፈት፤ አልቃወምም።

ጋዙ ላይ ግን አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር። «ይከፈት» ስትሉ የሚከፈተው ምኑ ነው? ካሉብ በ1970ዎቹ በአሜሪካው ቴኔኮ ተገኘ፤ በኋላ ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ ከ2013 ወዲህ ቻይናዎች ገቡበት። ሦስት የአሠራር ባህል ማለት ነው። ሶቪየቶች የኤሌክትሪክ መቋቋምን የሚለኩበት የኤሌክትሮድ አደራደር ከምዕራቡ የተለየ ነው፤ የዛሬ ሶፍትዌር በቀጥታ አያነበውም። አሮጌ የወረቀት ሎግ ደግሞ ራስጌው ከተቀደደ አለቀለት። የቁፋሮው ጭቃ የኤሌክትሪክ መቋቋም፣ የጉድጓዱ ወለል ሙቀት፣ የመሣሪያው ዓይነት የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። ያለ እነሱ ኩርባው ጌጥ ነው። ይህን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ፣ ለማረም፣ ለማስቀመጥ ማን ይከፍላል? እናንተ የምትጠይቁት ነጻ መረጃ ወጪው የመንግሥት ነው።

ፋፈን

ከጅግጅጋ ነኝ። ሙያተኛ አይደለሁም፤ ሃይድሮሎጂ የሚያጠና ወንድም አለኝ። ስለ ካሉብ ከአባቶቻችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። አንድ ሰሞን ተገኘ ይባላል፣ ሌላ ሰሞን ብዙ ነው ይባላል፣ ከዚያ ዝም ይባላል። ቁጥር የሚያይ ሰው ስለሌለ ወሬው ይነግሣል። እዚህ የምትከራከሩት ስለ ኩባንያና ስለ ተማሪ ነው። የእኛ ሰው የሚፈልገው ውኃ ነው። እነዚያ ጉድጓዶች ወደ ጋዙ ሲወርዱ ውኃውን አልፈው አይደለም እንዴ የወረዱት? የት ጋ ንጹሕ፣ የት ጋ ጨዋማ እንደሆነ አያሳይም?

ገናሌ

ፋፈን እህቴ፣ ካነሳነው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይኼ ነው። መልሱ «በከፊል» ነው። ሎጉ ጨዋማና ንጹሕ ውኃን ይለያል፤ ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ ንጹሕ ውኃ አያስተላልፍም። ችግሩ ነዳጅ ፈላጊ ለላይኛው ክፍል ግድ የለውም። ቶሎ ይቆፍርና በብረት ቧንቧ ይሸፍነዋል፤ ብዙ ጊዜ የተሟላ ሎግ አይወሰድበትም። ጋማ ሬይ ግን በብረቱ ውስጥም ያነባል፤ ስለዚህ ሸክላማውን ንብርብር ከአሸዋማው መለየት ይቻላል። ውኃው ጨዋማ ይሁን አይሁን ባይናገርም የት መቆፈር እንደማያስፈልግ ይናገራል። ለውኃ ቁፋሮ ይህች ብቻ ብዙ ብር ታድናለች።

ባሮ

ጋሽ ዋቢ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። መረጃው የተደበቀው ከማን ነው? የቆፈረው ኩባንያ ያውቀዋል። ሎጉን የለካው አገልግሎት ሰጪ ያውቀዋል። የሚቀጥለው ተጫራች ከፍሎ ያየዋል። ከዚህ ሁሉ ተለይቶ በሩ ላይ የቀረው የእኔ ተማሪና የፋፈን ወንድም ነው። ውል ላይ መበለጥን ፈርተን ትምህርት ቤቱን ቆለፍን፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ድርድሩንም እናንሳው። አርቺ የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ በ1942 ያሳተመው ቀመር እስከ ዛሬ የሙያው ምሰሶ ነው። ከድንጋዩ የኤሌክትሪክ መቋቋምና ከውስጡ ክፍተት ተነስቶ ምን ያህሉ ውኃ፣ ምን ያህሉ ጋዝ እንደሆነ ያሰላል። በውስጡ ግን ከድንጋዩ ናሙና ካልተለካ በግምት የሚገባ አርቢ (የኃይል ቁጥር) አለ። ለንጹሕ አሸዋ ድንጋይ 2 ይባላል፤ የኖራ ድንጋይ ሲሆን ከዚያ ሊርቅ ይችላል። አርቢው ትንሽ ሲነቃነቅ የጋዙ መጠንም አብሮ ይነቃነቃል። እርስዎ ለድርድር ሲቀመጡ ይህን ቁጥር የመረጠልዎት ማን ነበር? ኩባንያው ከሆነ፣ የያዙት መረጃ ሳይሆን የእነሱን መደምደሚያ ነው። ቁጥሩን የሚፈትን የራስ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ባለሙያው ደግሞ በሰሜን ባሕር ሎግ ብቻ አይሠራም።

ወጪውን በተመለከተ፣ ቀላሉን ሥራ ተማሪዎች ይሠሩታል። ኩርባ ከወረቀት ወደ ቁጥር መገልበጥ የሴሚስተር ፕሮጀክት ነው። ፈቃዱ ይሰጠን።

አዋሽ

የተማሪ ቅርንጫፍም በዚሁ አጋጣሚ ይቋቋም። ማኅበሩ ተናጋሪ ባለሙያዎችን ወደ ቅርንጫፎች የሚልክበት ፕሮግራም አለው። ስለ ካሉብ ሊነግሩን መጥተው እኛ ባናውቀው ግን ሃፍረት ነው።

ዋቢ

ባሮ፣ ስለ አርቢው ያነሳኸውን አልክድም። እኛም በጊዜው የውጭ አማካሪ ቀጥረን ነበር፤ ርካሽ አልነበረም፤ ሲሄድ ያወቀውንም ይዞ ሄደ። እንግዲህ የቆሙ፣ ውል የሌለባቸው ቦታዎች ላይ ያሉ አሮጌ ጉድጓዶች ይከፈቱ ብትሉ እሰማለሁ። ረቂቅ ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ። «2 ዓመት» ይላል። በዚህ አልፈርምም።

ባሮ

5 ብንለውስ?

ዋቢ

ከመቼ የሚቆጠር 5? ቁፋሮው ካለቀበት ነው ወይስ ውሉ ካበቃበት?

ገናሌ

እዚህ ኖርዌይ የሚቆጠረው ጉድጓዱ ከተጠናቀቀበት ቀን ነው። ውሉ እስኪያበቃ ከተባለ የውል ማራዘሚያ በመጣ ቁጥር ቆጠራው ይገፋል።

ዋቢ

ውሉ ጸንቶ ሳለ የባለውሉን ሎግ ብትከፍቱ በግልግል ዳኝነት ይከሷችኋል። ለአሮጌዎቹ ከጉድጓዱ መጠናቀቅ፣ ውል ላለባቸው ከውሉ ማብቂያ ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉና መልሳችሁ ላኩልኝ። ጂኦተርማሉን ከዚህ አውጥታችሁ በሌላ ደብዳቤ አድርጉት፤ እሱን ዛሬውኑ እፈርማለሁ።

ከሰም

የጂኦተርማሉን ረቂቅ እኔ እጽፋለሁ። ፋፈን፣ የወንድምሽን የውኃ ጥያቄ በአንድ አንቀጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ በባሮ ደብዳቤ ውስጥ ይግባ።