ስቴንለስ ሽጉጥን ማት ማስደረግ፦ ራሴ ልሥራው ወይስ ላሠራው?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ለአደንና ለዒላማ ልምምድ የምይዘው ስቴንለስ ሪቮልቨር (ባለ ከበሮ ሽጉጥ) አለኝ። በጣም ያብለጨልጫል፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። በመስታወት ዶቃ ተነፍቶ ማት (የማያብለጨልጭ) የሆነ አይቼ ወደድኩት። ሳንድብላስት (አሸዋ ወይም ዶቃ በአየር ግፊት የሚነፋ ማሽን) ያለው ጓደኛ አለኝ። እሱ ቢሠራልኝ ምን ችግር አለው?

መልስ

ሰላም ወንድሜ። የብረት ፊኒሽ ሥራ እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ልበል።

መጀመሪያ ጓደኛህን አንድ ነገር ጠይቀው፤ ማሽኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? “አሸዋ ነው” ካለህ ነገሩን እዚያው ተወው። የአሸዋ ብናኝ ሳንባ ያጠፋል፣ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ መድኃኒት የለውም። “አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው” ካለህ ደግሞ ያ ሌላ ሥራ ነው። ጠርዝ ያለው ፍርፋሪ ስለሆነ ብረቱን ይቆርጣል፣ ጠቆር ያለና ሸካራ ያደርገዋል። ቀለም ወይም ኮቲንግ ሊቀባ ለታሰበ ብረት ጥሩ ነው። አንተ ያየኸው ለስላሳ፣ ብርማ ማት ግን የሚመጣው ከመስታወት ዶቃ ነው። ዶቃው ክብ ስለሆነ አይቆርጥም፤ ላዩን እየነካካ ጥቃቅን ጉድጓድ እያበጀ ነው የሚያልፈው። ብርሃኑ በየአቅጣጫው የሚበተነውም ለዚህ ነው።

ዶቃውም መጠን አለው። ደቃቁ፣ ከ170 እስከ 325 ሜሽ (የወንፊት ቁጥር ነው፤ ከፍ ሲል ዶቃው ይደቅቃል) ያለው፣ ሳቲን የመሰለ ፈካ ያለ ፊኒሽ ይሰጣል። ከ70 እስከ 100 ያለው ወፈር ስለሚል ማቱ ጠለቅ ይላል። ግፊቱን ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አካባቢ ብትይዘው ይበቃል። ግፊቱ ሲበዛ ዶቃው ይሰበራል፤ የተሰበረ ዶቃ ደግሞ ስለት ነው፣ ፊኒሹን ያዥጎረጉረዋል።

አሁን ዋናው ነገር። ያ ዶቃ ከዚህ በፊት ተራ ብረት ላይ ተነፍቶ ከሆነ ስቴንለስህን አታስነካው። የብረት ብናኝ ከዶቃው ጋር ይቀላቀልና ስቴንለሱ ላይ ይሰካል። ከሳምንታት በኋላ ቡናማ ነጠብጣብ ታያለህ፣ “ስቴንለስ አይዝግም” ያለህን ሰው ትረግማለህ። የዛገው የተሰካው ብረት ነው እንጂ ሽጉጡ አይደለም፤ ቢሆንም ሥራው ተበላሽቷል። አዲስ ዶቃ፣ የተጠረገ ካቢኔ (የሚነፋበት ሳጥን)፣ እርጥበት የተጣራለት አየር። በዚህ አትደራደር።

ሰው ሁሉ የሚስተው ደግሞ ዝግጅቱን ነው። ዶቃ ጭረት አይሸፍንም። እንዲያውም አጉልቶ ያወጣዋል፣ ምክንያቱም ዙሪያው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን ዓይን የሚያርፈው ጭረቱ ላይ ነው። መጀመሪያ በ220 ከዚያም በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እኩል አድርገህ ፈትገው። ጠፍጣፋው ላይ ወረቀቱን በደረቅ ነገር ደግፈህ ያዝ፣ በጣት ብቻ ከፈተግከው ጠርዞቹ ይከብባሉ። ከዚያ ዘይቱን ሙልጭ አድርገህ አጥበህ አድርቀው። የዘይት ጠብታ የቀረበት ቦታ ከተነፋ በኋላ ይዥጎረጎራል፣ ዶቃውንም ያቆሽሻል።

የውስጥ ዕቃው በሙሉ ይውጣ። ቃታ፣ መዶሻ፣ ስፕሪንግ፣ ሁሉም። የጎኑን ክዳን ግን መልሰህ ግጠመውና አብሮ ይነፋ፤ ለብቻው ከተነፋ ጠርዙ ይከብብና መገጣጠሚያው ክፍተት መስሎ ይታያል። የበርሜሉን ውስጥ ከሁለቱም ጫፍ በጎማ ውታፍ ድፈን። ጥይት የሚገባባቸውን የከበሮውን ቀዳዳዎች፣ የበርሜሉን አፍና እንደ ብሎን ጥርስ የወጣላቸውን ቦታዎችም እንደዚሁ። ለሌላው ወፍራም ፕላስተር ይበቃል፤ ስስ የወረቀት ፕላስተር ወዲያው ይበሳል።

መለያ ቁጥሩን ሁለቴ ደራርበህ ሸፍነው። ይሄ የውበት ጉዳይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የመሣሪያን መለያ ቁጥር ማጥፋትም ሆነ መለወጥ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ቁጥሩ የጠፋበትን እያወቁ መያዝም እንዲሁ። ለስለስ ያለ አነፋፍ ቁጥሩን በአንዴ አያጠፋውም፤ ሲደጋገም ግን ያደበዝዘዋል።

ሲነፋ አፍንጫው አንድ ቦታ አይቁም። ከ15 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ርቀት፣ ዘንበል አድርጎ፣ መስመሩን እየደራረቡ መሄድ ነው። ሲያልቅ በንጹሕ ጓንት ያዘው። አዲስ የተነፋ ብረት የጣት አሻራ ይይዛል። ከዚያ በአየርና በማጠቢያ ፈሳሽ ደጋግመህ አጽዳው፣ ምክንያቱም ውስጥ የቀረች ዶቃ የቃታውን አሠራር ታበላሻለች።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። የራስህን መሣሪያ ራስህ ፊኒሽ ለማድረግ የፌዴራል ፈቃድ አያስፈልግህም። ጓደኛህ ግን የሰው መሣሪያ እየተቀበለ በሥራ ደረጃ የሚሠራ ከሆነ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የመኪና ቸርኬ የሚነፋ ጋራዥ ፈቃድ ካለው የጠመንጃ ባለሙያ ጋር አንድ አይደለም። ሪቮልቨር ፈትተህ ገጥመህ የማታውቅ ከሆነ እኔ ብሆን ለባለሙያ እሰጠው ነበር። መንፋቱ ከባድ ሆኖ አይደለም፣ መፍታቱና መግጠሙ ነው።

ሌላ ጥያቄ

እኔ በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ መሣሪያውን ባለሙያ ጋ እንዳደርስለት ጠይቆኛል። ምንም አይደለም አይደል?

መልስ

እህቴ፣ አትንኪው። ተማሪ፣ ጎብኚና መሰል ጊዜያዊ ቪዛ ያለው ሰው መሣሪያ መያዝ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ባለቤቱ ሌላ ሰው መሆኑ አያድንሽም፣ ይዘሽ መገኘትሽ ይበቃል። የአደን ፈቃድ ላላቸው እንደሚሠራው ዓይነት ጥቂት ልዩነቶች አሉ፤ እነሱን ግን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ሳትነጋገሪ አትመኚባቸው። ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ግሪን ካርድ ያለውን እንኳ ሊያስባርር ይችላል። ልጁ ራሱ ያድርሰው።

የመጀመሪያው ጠያቂ

በጣም አመሰግናለሁ። ጥቁር የአደን ጠመንጃም አለኝ፤ እሱንስ በዚያው ላስነፋው?

መልስ

እሱ ስቴንለስ አይደለም፣ ስለዚህ መንፋቱ መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ነው። ጥቁሩ ቀለም አብሮ ይነሳል። የተነፋ ተራ ብረት ራቁቱን ነው፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ መዛገት ይጀምራል። በዚያው ቀን ብሉዊንግ ወይም ፓርከራይዚንግ (ሁለቱም ብረቱን ከዝገት የሚከላከሉ በኬሚካል የሚሠሩ ሽፋኖች ናቸው) መግባት አለበት። ከተነፋ በኋላ ብሉዊንግ ሲደረግ የሚወጣው ማት ጥቁር በጣም ያምራል፣ ለአደንም አያንጸባርቅም። አሉሚኒየም ክፍል ካለው ግን ለይታችሁ አስቀምጡት። ላዩ ላይ ያለው ጠንካራ አኖዳይዝድ ሽፋን (በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአሉሚኒየም መከላከያ) ከተነሳ እንደገና አኖዳይዝ ማስደረግ ግድ ነው። ፕላስቲኩን ደግሞ ጭራሽ አታስገቡት።