የሱስ መከላከል ጥምረት ከስብሰባ አልፎ ወደ ሥራ እንዲገባ ምን ይደረግ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወጣቶች ወደ መጠጥ፣ ሲጋራና አደንዛዥ ዕፅ እንዳይገቡ ትምህርት ቤት፣ ጤና ተቋም፣ ፖሊስ፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ነጋዴዎችና ወላጆች ያሉበት ጥምረት አቋቁመናል። መክፈቻው ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። በሦስተኛው ስብሰባ ግን ኃላፊዎቹ ቀርተው መወሰን የማይችል ተወካይ ይላካል፤ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ሥራ የለም። መረጃ ስለ መለዋወጥም አልተስማማንም። ከየት ብንጀምር ይሻላል?

መልስ 1፦
አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚቀረው ድርሻው ተለይቶ ስላልተሰጠው ነው። «ትምህርት ቤቱ ይተባበራል» የሚል የመግባቢያ ሰነድ ማንንም አያስይዝም። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ይበቃል፦ ተወካዩ ማን ነው፣ ሲቀር ማን ይተካዋል፣ እስከ ምን ድረስ መወሰን ይችላል፣ በሩብ ዓመቱ ምን ያስረክባል። ለምሳሌ ጤና ተቋሙ ከትምህርት ቤት ለሚላኩ ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ከሰዓት የምክር አገልግሎት ይሰጣል፤ የሚቀበላቸው ባለሙያ ማን እንደሆነ በሰነዱ ላይ ይጻፋል። ኃላፊው ራሱ ይፈርም። ኃላፊ ሲቀየር ሰነዱ በወሩ ውስጥ ለአዲሱ ይቅረብ፤ ብዙ ጥምረት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ሠላሳ ሰው በየወሩ አትሰብስቡ። ከ7 እስከ 9 ሰው ያለው ዋና ቡድን በየወሩ ለ1 ሰዓት ይገናኝ፣ ሙሉው ጥምረት በየሩብ ዓመቱ። አስተባባሪው ቢያንስ የግማሽ ቀን ደመወዝተኛ ይሁን።

መልስ 2፦
ድርሻ ከመከፋፈላችሁ በፊት ግን ችግሩን ለዩ። አለዚያ ሁሉም የለመደውን ይዞ ይመጣል። ለተማሪዎች ስም የማይጻፍበት መጠይቅ ስጡ። አራት ነገር አይቅር፦ ባለፉት 30 ቀናት መጠቀማቸው፣ ጉዳቱን ምን ያህል አድርገው እንደሚያዩት፣ ወላጅ ቢያውቅ ምን እንደሚል፣ ጓደኛስ። በዓለም ላይ የሌለ ዕፅ ስምም አንድ ጨምሩ፤ እሱንም ተጠቅሜያለሁ ያለ ወረቀት ከቆጠራ ይወጣል። ተማሪዎቹ ራሳቸው ፖስታ ውስጥ ከትተው ያሽጉት። የክፍሉ መምህር በዴስኮች መካከል ከተመላለሰ ሁሉም «አልተጠቀምኩም» ብሎ ይሞላል። ያንኑ ጥያቄ ከ2 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ወር ድገሙት።

ውጤቱ ሲመጣ «ለምን?»፣ ቀጥሎ «ለምን እዚህ?» በሉ። ልጆቹ መጠጥ የሚያገኙት ከሱቅ ከሆነ ሻጩ ዕድሜ አይጠይቅም ማለት ነው፤ የነጋዴዎቹ ሥራ ከዚያ ይጀምራል። ከቤት ከሆነ ወደ ወላጆች ሂዱ። የተረፈ የሕመም ማስታገሻ ከሆነ ፋርማሲው መልሶ የሚሰበስብበትን መንገድ አብጁ።

መልስ 3፦
በመረጃው በኩል የሚሻገረው ቁጥር ብቻ ይሁን፣ ስም በፍጹም። ፖሊስ በአካባቢና በሰዓት፣ ጤና ተቋሙ በዕድሜ ክልልና በወር አጠቃልለው ይስጡ። ከ5 በታች የሆነውን «ከ5 በታች» ብላችሁ ጻፉ፤ በትንሽ ከተማ «የ14 ዓመት ልጃገረድ፣ 1» ማለት ስሟን መጥራት ነው። ለምክር የተላከ ተማሪ ጉዳይ ለፖሊስ እንደማይደርስም ሰነዱ ላይ በግልጽ ይስፈር። አንድ ጊዜ ከደረሰ ሌላ ልጅ አይመጣም።

ከአልኮልና ከትምባሆ አምራቾች ገንዘብ አትቀበሉ። የዓለም የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት አንቀጽ 5.3 እንኳ የጤና ፖሊሲ ከትምባሆ ኢንዱስትሪ ጥቅም እንዲጠበቅ ያዛል። ባለሱቆች አባል ይሁኑ፤ ስለ ቁጥጥር ሲወሰን ግን ድምፅ አይስጡ።

ጠያቂው፦
እናመሰግናለን። ፖሊስ በየክፍሉ እየዞረ ስለ ዕፅ ጉዳት ንግግር ለማድረግ ፈቃደኛ ነው። እንቀበል?

መልስ 3፦
ንግግሩን ተዉት። የተባበሩት መንግሥታት የዕፅና ወንጀል መከላከል ቢሮና የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባሻሻሉት የመከላከል መመዘኛ ላይ ማስፈራራት፣ የቀድሞ ተጠቃሚ ምስክርነትና በፖሊስ የሚሰጥ ትምህርት ውጤት ካላመጡ ወይም ከጎዱ ዘዴዎች ጋር ተቆጥረዋል። የሰለጠነ መምህር በተከታታይ ክፍለ ጊዜ እምቢ ማለትን ተማሪዎቹን እያለማመደ ያስተምር። ፖሊስ ደግሞ ሻጮች ከሰለጠኑ ከወር በኋላ ሱቆቹን ይጎብኝ፤ በመጀመሪያው ዙር ዕድሜ ላልጠየቀ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በሁለተኛው ሕጉ የሚለውን ቅጣት።