ሲጋራ በዘር ይወረሳል እንዴ?

የሐይቁ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሀዋሳ ነኝ፣ ባጃጅ ነው ምሰራው። አባዬ እኔ ሳውቀው ጀምሮ ያጨሳል፣ አጎቶቼም እንደዛው፣ እኔ በ17 ጀምሬ ይኸው 9 አመት ሞላኝ። ልጅ እያለሁ አባዬ "ሂድ ከከሰሉ ለኩስልኝ" ይለኝና እንዳይጠፋብኝ አንዴ ሳብ አድርጌ ነበር ማመጣለት፣ ሳስበው ያኔ ነው የቀመስኩት ማለት ነው። ለማቆም ሶስቴ ሞክሬ ሁሌ ሶስተኛው ቀን ላይ እሸነፋለሁ፣ ተሳፋሪ ላይ እጮሀለሁ፣ መልስ ስሰጥ ራሱ እሳሳታለሁ። አብሮኝ የጀመረው ጓደኛዬ ግን አንድ ቀን ተነስቶ ተወው በቃ። እማዬ "የአባትህ ዘር ነው አትድከም" ትለኛለች። እውነት ነው? ታናሽ ወንድሜ 15 ሞልቶታል፣ እሱ ነው ሚያሳስበኝ።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድሜ፣ እናትህ ግማሽ እውነት አላቸው፣ "አትድከም" ያሉት ግን አይሰራም። መንትዮች ላይ የተሰሩ ጥናቶች በሱሱ ጥንካሬ ሰው ከሰው ከሚለያይበት ግማሽ ያህሉን ለዘር ይሰጡታል። ሚወረሰው ሲጋራው ሳይሆን ሰውነትህ ኒኮቲኑን ሚያስተናግድበት መንገድ ነው። ጉበት ውስጥ ሲዋይፒ2ኤ6 ሚባል ኢንዛይም አለ፣ ኒኮቲንን ሚሰባብረው በዋናነት እሱ ነው፣ እሱ ፈጣን የሆነበት ሰው ቶሎ ስለሚያልቅበት ቶሎ ቶሎ ይለኩሳል ማቆሙም ይከብደዋል። ጓደኛህ ቀርፋፋው ደርሶት ይሆናል፣ ዕድል ነው እንጂ ጀግንነት ላይሆን ይችላል 😄
ጭንቅላት ውስጥ ደግሞ እንዲህ ነው፣ ጭሱን በሳብክ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ኒኮቲኑ ይደርስና አሴቲልኮሊን ሚባለው የራሳችን ኬሚካል ሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ከዛ ዶፓሚን ይለቀቃል ደስ ይልሀል። በየቀኑ ስታጨስ መቀመጫዎቹ ይበዛሉ፣ ሲጋራ ሲቀር ያ ሁሉ ባዶ መቀመጫ ይጮሀል። ተሳፋሪ ላይ ሚጮኸው እሱ ነው። ጫፉ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው፣ ለብዙ ሰው በ3 እና 4 ሳምንት ውስጥ ይበርዳል፣ አንተ ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሰህ ነው ምትመለሰው።

ሞገደኛው፦
ባካችሁ፣ አያቴ 90 አመቱ ድረስ አጭሶ ነው የሞተው።

የአዳማው፦
@ሞገደኛው አያትህ ጋ አብረው የጀመሩትን ደሞ ቁጠራቸዋ።
@የሐይቁ ልጅ ትቅማለህ እንዴ? ከቃምክ ሲጃራውን ለብቻው አትታገለው። እኔ ጠዋት ጠዋት ችዬ ውዬ ከሰአት ምርቃናው ሲመጣ እጄ ራሱ ነበር ፓኮ ሚፈልገው፣ ጫቱን ለሁለት ወር እስካቆም ድረስ አልሆነልኝም።

ፋርማሲስቷ፦
ወንድምህን በተመለከተ፣ አእምሮ እስከ 25 አካባቢ ገና እየተሰራ ስለሆነ በልጅነት የጀመረ ይበልጥ ይጣበቅበታል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 አመት በታች ላለ መሸጥም ሆነ በፍሬ መሸጥ ክልክል ነው፣ ሱቅ በደረቴው ግን ዛሬም በፍሬ ነው ሚሸጠው። ስለዚህ አዋጁን አትጠብቅ፣ ቤት ውስጥ የሚያየው ነው ዋናው።

የሐይቁ ልጅ፦
እህቴ ተባረኪ። እቅማለሁ አዎ 🙈 አንድ ነገር ልናገር፣ ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሆኖ መውጣት ሰንፌ ወንድሜን "ሁለት ፍሬ ገዝተህ ና" ብዬ ልኬዋለሁ። ሮጦ ነው የመጣው። የኒኮቲን ማስቲካ ምናምን ሚባለው እዚህ ሀዋሳ ይገኛል?