ደካማ ቀፎን ከዘራፊ ንቦች ስለ መጠበቅ

ጥያቄ፦ ጓሮ አናቢ፣ ከደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ ንብ አናቢዎች፣ ከቤቴ ጀርባ ባለው ጓሮ ሦስት ዘመናዊ ቀፎዎች አሉኝ። ሁለቱ ጠንካራ ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ኅዳር ላይ ማር ከተቆረጠለት በኋላ እየመነመነ መጥቶ፣ ንቦቹ አሁን አራት ፍሬም (የማር እንጀራ የሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ) እንኳ በቅጡ አይሸፍኑም። ከሰሞኑ ረፋድ ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል በዚህ ቀፎ ዙሪያ ከወትሮው የበዛ ንብ ይተራመሳል። በሩ ላይ ንብ ከንብ ተያይዞ እየተንከባለለ ይወድቃል፤ ከቀፎው ሥር የሞቱ ንቦችና የመጋዝ ብናኝ የሚመስል የሰም ፍርፋሪ አያለሁ። ጥቂቶቹም በሩን ትተው በክዳኑና በሣጥኑ መጋጠሚያ ላይ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። በየካቲት በአካባቢያችን በቂ አበባ ስለማይገኝ የስኳር ብጥብጥ በሣህን አድርጌ ከቀፎዎቹ አጠገብ አኖርላቸዋለሁ።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን በቤታቸው ጣራ ጥግ ባህላዊ ቀፎዎች ሰቅለዋል። ዘራፊዎቹ የእሳቸው ንቦች ይሆናሉ ብዬ ብጠረጥርም፣ ያለ ማስረጃ መናገሩ ጉርብትናን እንዳያሻክር ሰግቻለሁ። ይህ በእርግጥ ዝርፊያ ነውን? ከሆነስ በሩን ሙሉ በሙሉ ልዝጋው?

መልስ፦ ግራዋ፣ ከሆለታ

የገለጹት ሁሉ ዝርፊያን ያመለክታል። ከዝርፊያ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው ወጣት ንቦች ቀፏቸውን ለመለየት ከሰዓት በኋላ የሚያደርጉት በረራ ነው፤ እነሱ ግን ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው ከፍ ዝቅ እያሉ ያንዣብባሉ እንጂ አይጣሉም፣ ብዙም ሳይቆዩ ይረጋጋሉ። ዘራፊ ንብ በቀጥታ ከመግባት ይልቅ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ ጠባቂዎቹ የተዘናጉበትን ቦታ ይፈልጋል፤ ሲወጣም ማሩ ስለሚከብደው የቀፎውን ግድግዳ ጥቂት ከወጣ በኋላ ነው የሚበረው። የሰም ፍርፋሪው ጥርጣሬ አያስቀርም፤ ዘራፊዎቹ የታሸገውን ማር በችኮላ ቦጭቀው ሲከፍቱት የሚረግፍ ነውና።

ዛሬውኑ ማድረግ ያለብዎት በሩን ማጥበብ ነው። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ ብቻ ትተው ቀሪውን በእንጨት ይድፈኑት። ቁጥሩ ያነሰ ሕብረ ንብ ሰፊ በር ለመከላከል የሚበቃ ጠባቂ የለውም፤ አንድ ወይም ሁለት ንብ ብቻ በሚያሳልፍ በር ላይ ግን እነዚያው ጥቂቶች ይበቃሉ። የሣጥኖቹን ስንጥቅ ደግሞ በእበትና በጭቃ ይምረጉት።

ሣህኑን ከጓሮው ያንሡ። ከቀፎ ውጭ የተቀመጠ ጣፋጭ ነገር የአካባቢውን ንብ ሁሉ ይጠራል፤ ሣህኑ በደረቀ ጊዜ ያ ሁሉ ንብ ፍለጋውን ስለማያቆም ወደ ደካማው ቀፎ ይዞራል። እርግጥ በዚህ ወቅት መመገብ ግድ ነው፤ ነገር ግን እኩል ስኳርና ውሃ በጥብጠው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ በቀፎው ውስጥ፣ ንቦቹ እስከ ንጋት የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይስጡ። ማር አይጨምሩበት፤ ሽታው ዘራፊ ይጠራል፣ ምንጩ ያልታወቀ ማርም በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ጎረቤትዎ ከመናገርዎ በፊት ከተዘረፈው ቀፎ በሚወጡት ንቦች ላይ ጥቂት ነጭ ዱቄት ይነስንሱና ወዴት እንደሚገቡ ይመልከቱ።

መልስ፦ ወለላ፣ ከባሕር ዳር

እኔ በሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እስከ ምሽት ማቆየትን እመርጣለሁ፤ ዘራፊው ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ በግቢው ውስጥ ሰፈፍ የሚታጠብ፣ ሰም የሚነጠር ወይም የጠጅ አንቡላ የሚደፋ ከሆነ ይህንንም ያስቁሙ። እዚህ በእኛ ሠፈር ችግሩ የሚብሰው ማር ተቆርጦ የማር እንጀራው ውጭ ሲጨመቅ ነው።

መልስ፦ ቀፎ ሠሪ፣ ከወልቂጤ

ሰፈፍንና አንቡላን በሚመለከት ከወለላ ጋር እስማማለሁ፤ በሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋቱን ግን በየካቲት ፀሐይ ማንም እንዳይሞክረው እለምናለሁ። የተዘጉ ንቦች ሲደናገጡ ሙቀት ያመነጫሉ፤ አየር ካላገኙ እንጀራው ቀልጦ በላያቸው ሊወርድና ሁሉም ታፍነው ሊያልቁ ይችላሉ። ዝርፊያው ተፋፍሞ ከሆነ የተሻለው መላ አሮጌ አንሶላ በውሃ ነክሮ በቀፎው ላይ መሬት እስኪነካ ማልበስ ነው። ዘራፊዎቹ መግቢያው ይጠፋባቸዋል፣ የቤቱ ንቦች በጨርቁ ሥር መንገድ ያገኛሉ፣ እርጥበቱም ቀፎውን ያቀዘቅዛል። በጭስ ማጭሻ ዘራፊን አባርራለሁ ማለትም አይገባም፤ ጭስ የጠባቂዎቹን የማስጠንቀቂያ ሽታ ስለሚሸፍን የሚጠቅመው አጥቂውን ነው።

ለዘለቄታው የወንፊት ሽቦ መከለያ ይሥሩ። ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቦ በእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥረው፣ ከበሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቆ በሩን በሙሉ እንዲሸፍን አድርገው ያያይዙት፤ አዲሱን መውጫ በላይኛው ጥግ ይክፈቱ። ዘራፊ የሚመጣው የማር ሽታ ተከትሎ ስለሆነ ሽታው በሚወጣበት ሽቦ ላይ ሲታገል ይውላል፤ የቤቱ ንብ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚሄድ የላይኛውን መንገድ በቶሎ ይለምዳል። በየገበያው ከሚሸጠው የእህል ወንፊት ሽቦ ሊሠራ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ንብ በዝርፊያ ጊዜ በሰውና በከብት ላይ ቁጣው እጅግ ይበረታል። ዶሮዎችን ያስገቡ፣ የታሰረ ጥጃ ወይም አህያ ካለ ያርቁ፤ ታስሮ ማምለጥ የማይችል እንስሳ ሊሞት ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሩን አጥብቤ አንሶላውን ካለበስኩት ወዲህ ትርምሱ በጣም ቀንሷል። ዱቄት የተነሰነሰባቸው ንቦች የገቡት ግን ወደ ጎረቤቴ ሳይሆን ወደ ራሴ ጠንካራ ቀፎ ነው። ታዲያ ደካማውን ከዚሁ ጋር ባዋህደው ይሻላል?

መልስ፦ ግራዋ፣ ከሆለታ

ብዙውን ጊዜ ዘራፊው በዚያው ግቢ ያለው ብርቱ ቀፎ ነው፤ ቅርቡ እሱ ነውና። ከመወሰንዎ በፊት ትርምሱ ፈጽሞ ሲበርድ፣ ወደ ምሽት ላይ ቀፎውን ለአጭር ጊዜ ከፍተው እንቁላል መኖሩን ይመልከቱ። እንቁላልና እጭ ካለ ንግሥቲቱ በሥራ ላይ ናትና ሊያድኑት ይችላሉ፤ ንቦቹ የማይሸፍኗቸውን ፍሬሞች አውጥተው በታሸገ ዕቃ ያስቀምጡ፣ ባዶ እንጀራ የሰም በል እራት (ቢራቢሮ መሰል ተባይ) መራቢያ ይሆናልና። ከመከለያው ጋር በየምሽቱ ጥቂት እየመገቡ ወደ ግንቦት አበባ ያድርሱት።

እንቁላል ከሌለና ንግሥት ከጠፋች ግን ሳይዘገዩ ያዋህዱት። ምሽት ላይ በጠንካራው ቀፎ አናት አንድ ገጽ ጋዜጣ ዘርግተው፣ በመርፌ ጥቂት ቦታ በስተው፣ የደካማውን ሣጥን በላዩ ያስቀምጡ። ንቦቹ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ቀደው እስኪገናኙ ድረስ ሽታቸው ስለሚዋሃድ ጠቡ ያንሳል። የደካማው ቀፎ ቦታ ወዲያው ባዶ ከሆነ ግን ለዝርፊያ የለመዱት ንቦች በሌላው ጠንካራ ቀፎ ላይ ሊዞሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ እንጀራው ያለቀ ባዶ ሣጥን በዚያው ቦታ ጥቂት ቀናት ይተዉላቸው፤ የሚወሰድ ነገር እንደሌለ ሲያውቁ መምጣቱን ይተዋሉ።